ባለደሞዙ ጦመኛ

እኛ አገር «የእገሌ መሬት ጦም አደረ» ከተባለ ነገር አለ። ወይ በሬው ሞቷል፣ ወይ ዘሩ ተበልቷል፣ ወይ ባለቤቱ ሰንፏል። ሕጉም ያለ በቂ ምክንያት ማሳውን ጦም ያሳደረ ገበሬ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ይናገራል። ምስኪን ሕግ! አሜሪካን ሳያይ የተጻፈ።

አሜሪካ ለጦም ደሞዝ ቆርጣለታለች። እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሬዚዳንት ሬገን ከፈረሙት የእርሻ ሕግ ጋር በተወለደው ፕሮግራም፣ ባለመሬቱ በአካባቢው ወዳለው የእርሻ ቢሮ ይሄድና «ይህን ያህል ኤከር አላርስም» ይላል። አፈሩ ቶሎ የሚሸረሸር ከሆነ፣ ወፍና ወንዝም ይጠቀማሉ ከተባለ፣ ነጥቡ ከፍ ይልለታል። ካለፈም ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚቆይ ውል ይፈርማል፤ ሣር ይዘራል። ለሣሩ ዘር እንኳ መንግሥት ወጪ ይጋራዋል። ከዚያማ በየዓመቱ ኪራይ ነው። እኛ 55 ቀን ሑዳዴን ጦመን የፋሲካውን ዶሮ ከኪሳችን እንገዛለን። እዚያ ግን ጦሙ የመሬቱ፣ ፍስኩ የባለቤቱ ነው።

ጭቃ ረግጦ የማያውቅም አልቀረበትም። የቀድሞው የቺካጎ ቡልስ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ስኮቲ ፒፐን አርካንሶ ውስጥ ለነበረው መሬት ከዚሁ ፕሮግራም እንደተከፈለው በሰፊው ተዘግቧል። ሰውየው በመከላከል የታወቀ ነው፤ መሬቱንም ከማረሻ ተከላከለ።

ሣሩን ግን አልማውም። አፈሩን ይዟል፤ በዳኮታ ሜዳዎች ዳክዬ አራብቷል። ችግሩ ምናኔው በኪራይ መሆኑ ነው። በ1970ዎቹ የግብርና ሚኒስትሩ ኧርል በትዝ ገበሬውን «እስከ አጥሩ ጥግ እረስ» ብለውት አረሰ። እህሉ ተትረፈረፈ፣ ዋጋው ወደቀ፣ አፈሩም ተሸረሸረ። ስለዚህ እንዳያርስ ተከፈለው። በ2007 ጦመኛው መሬት 36.8 ሚሊዮን ኤከር ደረሰ፤ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ በዚያ ዓመት በመኸር እህል የዘራው መሬት ሁሉ ይህን አያህልም።

ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ዓመት ዋሽንግተን በቆሎ ነዳጅ ሆኖ መኪና ውስጥ እንዲጨመር የሚያስገድድ ሌላ ሕግ አወጣች፤ በ2022 ባዮነዳጁ 36 ቢሊዮን ጋሎን ይድረስ አለች። በ2005 ወደ 2 ዶላር የነበረ አንድ ቡሼል በቆሎ በ2012 ከ7 ዶላር አለፈ። መናኙ መሬት ምን ያድርግ? ቆቡን ጣለ። በ2015 የቀረው ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር ነበር። ደግነቱ መንግሥት ቂም አይዝም፤ ጦሙን የፈታው ገበሬ ሰብሉን ኢንሹራንስ ሲያስገባ ከአረቦኑ በአማካይ 60 በመቶ ያህሉን ይከፍልለታል። አንዱ እጅ ለመቆፈሪያ፣ አንዱ እጅ ለመድፈኛ ሲከፍል ሁለቱም የሚገቡት አንድ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱም የግብር ከፋዩ ነው።

የእኛ ገበሬ ይህን ባይሰማ ይሻላል። እሱ ጥርና የካቲት ላይ ለተፋሰስ ልማት ተጠርቶ፣ ዶማውን ከቤቱ፣ በሶውን ከሚስቱ ይዞ፣ የጎረቤቱን ተራራ ሳይቀር እርከን ይሠራል። ክፍያው በሪፖርት ላይ «በነጻ ጉልበት» ተብሎ ወደ ብር ተቀይሮ ይጻፍለታል። ብሩን ወረቀቱ ይይዘዋል።

የአሜሪካው ውል የሚያበቃው በሴፕቴምበር 30 ነው፤ በእኛ መስከረም 20 ገደማ፣ የደመራው አመድ ገና ሳይበተን። ሣሩ ውስጥ ጫጩቶቿን ያሳደገችው ወፍ የፈረመችው ነገር የለም። ባለቤቱ ግን ውሉንና የበቆሎውን ዋጋ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያያል። ዋጋው ከወጣ ትራክተሩም ይወጣል። ከወረደ ደግሞ የአፈሩ ነገር እንደገና ያንገበግበዋል።