የሽቦዎች አውጫጭ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ ለክሊቭላንድ ከተማ መብራት የሚሸከሙ ሦስት ወንድማማች ሽቦዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው 345 ሺህ ቮልት የተሸከሙ ጎረምሶች ናቸው። ዘር ማንዘራቸው እስከ ኒውዮርክ፣ ድንበር ተሻግሮም እስከ ካናዳዋ ኦንታሪዮ የተጋመደ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። አንዱ ሲወድቅ ሸክሙ በቅጽበት የጎረቤቱ ትከሻ ላይ ያርፋል። እምቢ ማለት ግን የለም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 ይህ ሁሉ ዘመድ አዝማድ ተያይዞ ወደቀ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ፣ ሊፍቱ ፎቅ መሃል ቆመ፤ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ሄደበት። አውጫጭ ተጠራ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ከአንድ ለምለም ዛፍ ጥላ ሥር ተሰየሙ፤ ዛፉ ተጠርጣሪ መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

መጀመሪያ ሃርዲንግ-ቻምበርሊን የተባለው ሽቦ ቀረበ። "ከቀኑ 9 ሰዓት ከ5 ላይ ወደቅሁ። ሸክም አልበዛብኝም፤ የአቅሜን 44 በመቶ ብቻ ነበር የያዝኩት። ዛፍ ነካኝ።"

ሃና-ጁኒፐር ቀጠለ። "የሱ ሸክም እኔ ላይ መጣ። ሲሞቀኝ እረዝማለሁ፣ ስረዝም እረግባለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። በ27 ደቂቃ ውስጥ እኔም ዛፍ ላይ ደረስኩ።" ሦስተኛው፣ ስታር-ሳውዝ ካንተን፣ ከዚያ 9 ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። የሚለው ነገር ስላልነበረው አንገቱን ደፋ።

ዛፉ በዛፎች ሁሉ ስም ተናገረ። "አባቶቼ፣ እኛ ከቆምንበት አልተነቃነቅንም። እነሱ ናቸው የወረዱብን። ቁመታችን በአንድ ሌሊት አልመጣም፤ ዓመት በዓመት ስናድግ መጥረቢያ ይዞ የመጣ አልነበረም።"

የመቆጣጠሪያው ክፍል ደወል ተጠየቀ። ከ8 ሰዓት ከ14 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

"ዝም ማለትህን ለምን አልተናገርክም?"

"በምን ድምፄ?"

ጠባቂዎቹ ዝምታውን ሰላም ነው ብለው ተቀምጠዋል። ጎረቤቶች ስልክ እየደወሉ "ምን ሆናችሁ?" ሲሏቸው እንኳ ከጎረቤት ይልቅ ደወላቸውን አመኑ።

ክርክሩ የከረረው የሳሚስ-ስታር ሽቦ ሲቀርብ ነው። እሱን ዛፍ አልነካውም። 10 ሰዓት ከ5 ላይ በሩን የዘጋው ሪሌ የሚባለው የገዛ ዘበኛው ነው። "ቮልቴጁ ወረደ፣ ሸክሙ በዛ፤ ጌታዬ ሊቃጠል ነው ብዬ ዘጋሁ" አለ። ከሱ ወዲያ በየደጁ የቆመ ዘበኛ እንዲሁ ዘጋ፤ የማመንጫዎቹም ዘበኞች ተከተሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ከ260 በላይ ማመንጫዎች ቆሙ። እኔ ዘበኞቹን መውቀስ አይሆንልኝም። እነሱ ባይዘጉ ማሽኑ ይነድ ነበር፤ ያኔ መብራቱ ለመመለስ ወራት በፈጀ። እያንዳንዱ የራሱን ቤት አዳነ፤ አገሩ ግን ጨለመ።

ከኋላ አንድ ቀጭን ሽቦ እጁን አወጣ። "ሳሚስ-ስታር ከመውደቁ በፊት በክሊቭላንድና በአክሮን አካባቢ 1,500 ሜጋዋት ያህል ቢቆረጥ ኖሮ ሌላው በተረፈ ነበር። ጥቂቱን ሰፈር 'ለጊዜው በሻማ ቆዩ' የሚል ሰው ጠፋ።"

"ማን ይበላቸው?" አሉ ሽማግሌዎቹ። "ደወሉ ሳይጮህ?"

ጥፋተኛ ተለይቶ አልወጣም፤ እንደ አውጫጭ ደንብ ዕዳው በአገሩ ሁሉ ተደለደለ። ቀድሞ በፈቃደኝነት ብቻ ይከበር የነበረው የመስመር ደኅንነት ደንብም፣ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሕግ መቀጫ ያለው ግዴታ ሆነ። ዛፍ መከርከምም ከዚያ ወዲያ የውዴታ ሥራ መሆኑ ቀረ።

ደወሉ ብቻ አልተዋጠለትም። "እኔ ዝም ስል የሚጮህ ሌላ ደወል ይሾምልኝ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ።

"እሱስ ዝም ሲል?" አለ ቀጭኑ ሽቦ።