በሁለት ሺፍት መሃል

ዲሲ ውስጥ ሥነ ጥበብ ወዳድ የሆንኩት በእግሬ ምክንያት ነው። ጠዋት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ማታ ሆቴል በር ላይ ቆሜ የሰው ሻንጣ እቀበላለሁ። በሁለቱ መሃል የምትተርፈኝ ሰዓት ቤት ደርሶ ለመመለስ የምታንስ፣ ቆሞ ለመጠበቅ የምትበዛ ናት። ካፌ መቀመጥ ይቻላል፤ ግን ያኔ ገና አዲስ ነበርኩና አንድ ማኪያቶ ባሰብኩ ቁጥር ዋጋውን በብር አባዛ ነበር። በብር የተባዛ ማኪያቶ ደግሞ ጉሮሮ አያልፍም። የፓርኩ ወንበርም ታኅሣሥ ሲገባ በረዶ ወረሰው።

መላውን የነገሩኝ የፓርኪንጉ ካሸር፣ የሁላችንም ታላቅ የሆኑት ጋሼ ናቸው። አገር ቤት ኦዲተር ነበሩ፤ ዛሬም ሃያ ዶላር ሲቀበሉ ባለመኪናውን የሚያዩት ደረሰኝ እንደሰወረ ገንዘብ ያዥ ነው። «ሙዚየም ግባ» አሉኝ። «ይሞቃል፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በነጻ ነው።» ስለ ሥዕሉ ምንም አላሉም።

«አሜሪካ ውስጥ በነጻ የሚባል ነገር የለም» ብለው አስጠንቅቀው የላኩኝ ዘመዶች ስላሉኝ፣ መጀመሪያ ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ቢሉ በፖስታ እስኪመጣ ስጠብቅ ሰነበትኩ። አልመጣም። ለካ ሒሳቡን የዘጋልኝ ጀምስ ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሳይንስ ሰው ኖሯል። በ1829 ሲሞት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ሀብቱን ለወንድሙ ልጅ ተናዘዘ፤ ልጁ ወራሽ ሳይተካ ከሞተ ግን ገንዘቡ ለአሜሪካ መንግሥት ይሰጥና ዋሽንግተን ላይ የዕውቀት ተቋም ይመሥረትበት አለ። አሜሪካን እሱ ራሱ ረግጧት አያውቅም። የወንድሙም ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ በ1846 የገባሁበት ሙዚየም ባለቤት ስሚዝሶንያን ተቋቋመ። እኛ ዘንድ ቢሆን በዚያች ኑዛዜ ስንት የአክስት ልጅ ችሎት ለችሎት ይንከራተት ነበር! አጽሙን በ1904 ከጣሊያን አምጥተው እዚሁ ግቢ አሳረፉት። ዲቪ ሳይሞላ፣ ቃለ መጠይቅ ሳይቀርብ አሜሪካ የገባ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። የኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው ምሳ ዕቃ ነው። ፈታሿ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ሽታው ብቅ ሲል ቀና ብላ አየችኝና፣

«በቅቤ ነው?» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«በዘይት ነው፤ ጾም አይደል?»

«ያበርታህ። ውስጥ ግን እንዳትከፍተው።»

የትኛው አዳራሽ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር እንዳለም የነገረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የምመርጠው በወንበሩ ነው። ናሽናል ጋለሪ ውስጥ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥራ አለ፤ በሰሜንም በደቡብም አሜሪካ ለሕዝብ የሚታይ ብቸኛው የሱ የቀለም ሥዕል ነው ይባላል። ሴትዮዋ ጂኔቭራ ትባላለች። ፈገግታ የሚባል ነገር የላትም፤ የማታ ሺፍት ልትገባ የተዘጋጀች ነው የምትመስለው። ጀርባዋም ስለተሣለ ዞሮ ማየት ግድ ይላል፤ ይሄ ለደከመ እግር ግፍ ነው። ቢሆንም ተቀምጦ የዋለ ሰው ማየቱ አይቀርም። ቱሪስቱ ፎቶውን አንስቶ ሲያልፍ፣ እኔ ጫማዬን በስውር ፈታ አድርጌ ከትከሻዋ በስተኋላ ያለውን ውሃና ዛፍ እያየሁ እቆያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰጠኋት ወድጄ አይደለም፤ እሷ ግን ያንን አታውቅም።

ጋሼን ራሳቸውን ይዤ የሄድኩት አንድ ቀን ዕረፍታችን ሲገጥም ነው። ፍሪር ጋለሪ ውስጥ የጣዎስ ክፍል የሚባል ሙሉ የመመገቢያ ክፍል አለ፤ ለንደን ውስጥ ሌይላንድ በሚባል ባለመርከብ ሀብታም መኖሪያ ውስጥ የነበረ ነው። በ1876 ሰውየው ሠዓሊውን ዊስለርን ቀለሙን እዚህም እዚያም እንዲያስተካክልለት ጠየቀውና ወደ ሊቨርፑል ሄደ። ዊስለር ሆዬ ግድግዳውን የሸፈነውን ውድ ቆዳ ሳይቀር ሰማያዊ ቀባው፤ የመስኮቶቹን መዝጊያዎች በወርቅ ጣዎሶች ሞላ፤ ባለቤቱ በሌለበትም ጋዜጠኛ ጠርቶ አስጎበኘ። ቀጥሎ 2000 ጊኒ ጠየቀ። ሌይላንድ 1000 ፓውንድ ከፈለ።

«ውል አለ?» አሉ ጋሼ።

«የለም።»

«ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ሳያዝ ኦቨርታይም ገብቷል።»

ፍርዱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቆየት ብለው ግን፣ «አንድ ጊኒ ስንት ፓውንድ ነው?» አሉኝ። ከፓውንድ በአንድ ሽልንግ እንደሚበልጥ፣ በዚያ ዘመን ለተከበረ ባለሙያ በጊኒ፣ ለተራ ሠራተኛ በፓውንድ እንደሚከፈል ነገርኳቸው። ወደ ጣሪያው አንጋጠው አሰሉ። «ግማሹን መከልከሉ ያከራክራል። ግን 1000 ጊኒ 1050 ፓውንድ ነው። 50 ፓውንድ ጎድሏል። ይሄ ስርቆት ነው!»

ዊስለርም እንደሳቸው ሳይሰማው አልቀረም፤ የክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚጣሉ ሁለት የወርቅ ጣዎሶች ሣለ። አንደኛው ሀብታሙ፣ ሌላኛው ሠዓሊው ራሱ ነው፤ እግራቸው ሥር ሳንቲም ተበትኗል። ሌይላንድ ዕድሜ ልኩን እዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ራቱን በላ ማለት ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው ሳንቲሞቹን ሊቆጥሩ ሲሉ ጥበቃው «ራቅ ይበሉ» አላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ማንኛውም ሥዕል ፊት ሲቆሙ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ተከፍሎታል?» ያልጠየቁት አንዴ ብቻ ነው። ውክልና ልንልክ ኤምባሲያችን ሄደን፣ እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ በ2001 የሠሩትን ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። እስክንድር ለረጅም ዓመታት እዚሁ ከተማ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማረ ነገርኳቸው። «የኛ ነው» አሉ፤ ኦዲቱን ተዉት።

በመጨረሻ ፊሊፕስ የሚባለው ሙዚየም ሄድን። እዚያ መግቢያ ስለከፈልን፣ ጋሼ ገንዘባቸውን ለማውጣት የእሳት ማጥፊያውን ሳይቀር አዩ። ጄከብ ሎረንስ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜን የተሰደዱበትን ዘመን በ60 ትንንሽ ሥዕሎች ሠርቷል፤ እዚህ ያሉት ግን ጎዶሎ ቁጥሮቹ ናቸው። «2 የታለች?» ሲሉኝ ሙሉ ቁጥሮቹ ኒውዮርክ እንደሆኑ ነገርኳቸው። እሳቸውም አንዲት ልጃቸው ሲያትል፣ አንዱ ስዊድን፣ ባለቤታቸው ናዝሬት ናቸውና ምንም አልመሰላቸውም።

የሠዓሊው የሮትኮ ክፍል ስንደርስ ተቀመጥን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በቀለም ተሞልቷል፤ መሃል ላይ ያለው አንድ አግዳሚ ብቻ ነው። ያንን አግዳሚ ያስመጣው ሠዓሊው ራሱ ነው፤ በ1961 መጥቶ ከሌላ ዕቃ ሁሉ እሱ ብቻ ይበቃል አለ። በ10 ዓመቱ ገደማ ከዛሬዋ ላትቪያ የመጣ ስደተኛ ነው፤ መቆም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አልቀረም። ሠዓሊ ማለት ለኔ እንዲህ ነው።

ጋሼ ቀዩን ሥዕል ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና፣ «ተከፍሎታል?» አሉ።

«ይሄኛውስ ሌላ ነው፣ ጋሼ። ኒውዮርክ ውስጥ ለአንድ የሀብታሞች ምግብ ቤት ሊሥል ተዋውሎ፣ ሠርቶ፣ ገንዘብም ተቀብሎ ነበር። በኋላ ምግብ ቤቱ ገብቶ ሲበላ በላተኞቹን ጠላቸው። ገንዘቡን መለሰ።»

ጋሼ ከተቀመጡበት ሊነሱ ምንም አልቀራቸው።

«መለሰ? ወደ ኪሱ የገባውን?»

«መለሰ።»

«እንግዲያው አገር ቤት የሚላክለት ሰው የለውማ!»