ባለ 50 ቁጥር ቅባት

ጋሼ አራት ዓመቱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምጠብቀው የፈረንጅ ልጅ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ እኔ ግን ጋሼ እለዋለሁ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ። ተስማምተን ነው የምንኖረው። የሚያጣላን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፀሐይ ቅባት።

ከቤት ከመውጣታችን 15 ደቂቃ አስቀድሞ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ፣ ከውኃ በወጣ ቁጥር ደግሞ እንደገና። ጋሼ ቱቦውን ሲያይ ሶፋ ሥር ይገባል። በእግሩ ጎትቼ አወጣዋለሁ። ቅባት የነካው ልጅ ደግሞ እንደ ዓሣ ያሟልጫል፤ አንዱን ክንድ ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ላብ በላብ ሆኜ ጨረስኩ ስል ጆሮውን ረስቼዋለሁ። ጆሮ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ተሰምሮበታል።

ወረቀቱ ማለት ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው የሰመር መመሪያ ነው። ሦስት ገጽ።

ሰመርን ራሱ በአማርኛ ምን ልበለው? በጋ እንዳልል ወሩ ሐምሌ ነው። ክረምት እንዳልል አስፋልቱ ሊቀልጥ ምንም አልቀረውም። እኔ በሐምሌ የማውቀው ጭቃ፣ ብርድና ቡሄ እስኪደርስ የሚያስጮኹትን የጅራፍ ድምፅ ነው። የእናቴ የክረምት መመሪያም አንድ መስመር ነበር፦ «ወንዝ ዳር አየሁሽ ማለት...»። ጨርሳው አታውቅም። ጠዋት ድንጋይ እየረገጥን የተሻገርነው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ደራሽ ይዞ ሲመጣ አይተናል፤ የቀረውን እኛው እንጨርሰው ነበር።

ስለ ፀሐይማ ማን አስጠንቅቆን! እንዲያውም አራስ ልጅ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ አጥንቱ እንዲጠና። የፀሐዩን ነገር ሐኪሞችም ቫይታሚን ዲ ብለው ይደግፉታል። የዚህ አገር ሐኪም ግን ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጥላ ሥር ይሁን፣ ቅባቱም ይቆየው ይላል። በእሱ ዓይን የእኛ ነገር ጥብስ ሳይመስለው አይቀርም። አገሪቱ ራሷስ ፀሐይዋን ለቱሪስት ስትሸጥ አልኖረችም? ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ13 ወር ፀሐይ ዓለሙን ሲጠሩ «ቅባት ይዛችሁ ኑ» የሚል አልጨመሩበትም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ከሜሪላንዱ የባሰ ፀሐይ አናታችንን ሲመታን አድገን፣ ማታ የምንጠየቀው «ሹራብሽን የት ጣልሽው?» ተብለን ነው።

ነገሩ አላስተኛ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። 30 ቁጥሩ ቅባት ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 ከመቶ ያህሉን ያስቀራል። 50 ቁጥሩስ? 98። ለ1 ከመቶ ነው እንግዲህ ሶፋ ሥር የምንበረከከው! ይህንኑ ለእናትየው ነገርኳት። ፈገግ ብላ አመሰገነችኝ። በማግስቱ 70 ቁጥር ገዝታ መጣች።

የመዋኛ ገንዳው ዳር የማገኛት የጎረቤት ሞግዚት ኮሎምቢያዊት ናት፤ ኦ ፔር ይሏታል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ «በእኩልነት» እንደ ማለት፤ ከቤተሰቡ እኩል ተቆጥራ ትኖራለች ነው ነገሩ። ለዚህ ሥራ የሚመጡት ከ18 እስከ 26 ዓመት ያሉ ናቸው። በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ45 ሰዓት በላይ አይሠሩም። እኩልነቱ ኪስ ሲደርስ በሳምንት ቢያንስ 195 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው (75ቷ ሳንቲም እንዳትረሳ የተጨነቀው ሰው ይባረክ)። ቤተሰቡ ዘንድ ከመግባቷ በፊት ግን 8 ሰዓት ስለ ልጆች ደህንነት ተምራለች። እኔ ሦስት ልጅ አሳድጌ፣ 26ን ሁለት ጊዜ ልሞላው ትንሽ ቀርቶኝ፣ የተሰጠኝ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳየኋት። አንብባ «ውኃውስ?» አለችኝ። ፈለግነው። ሦስተኛው ገጽ፣ ከውሻው ቀጥሎ። ስለ ጆሮ አራት መስመር። ስለ ውሻው መዳፍ ሦስት፦ አስፋልቱን በእጅሽ ጀርባ 7 ሰከንድ ነክተሽ ሞክሪ፣ ካቃጠለሽ አታውጪው። ስለ ውኃ ሦስት ቃል፦ «ገንዳ አጠገብ ተጠንቀቂ»።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። በዚህ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለን ልጅ ከሁሉ በላይ የሚገድለው ውኃ ነው። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ እንደ ፊልሙ አይጮኽም፣ እጁን አያውለበልብም። ለመጮኽ ትንፋሽ ከየት ያመጣል? ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ገንዳው ዳር ያለውን ወላጅ እዩት፦ ቅባቱን ተለቅልቆ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ «ላይፍጋርድ አለ» ብሎ ተዘርግቷል። ላይፍጋርዱ ጎረምሳ ነው! ስንቱን ልጅ በሁለት ዓይኑ ይዝለቀው? ቆዳው እንዳይቀላ ሦስት ገጽ የሚጽፍ ሰው፣ ልጁ እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ መሆኑን ቀና ብሎ ማየት ምን ይከብደዋል? ቆዳማ ይላጣል፣ ይድናል።

ፊሽካ ተነፋ። በየሰዓቱ ልጆች 15 ደቂቃ ይወጡና አዋቂዎች ይዋኛሉ። ጋሼ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ፤ በፎጣ ጠቀለልኩት። ቱቦውን ሳነሳ የሚገባበት ሶፋ አልነበረም።

«አንቺስ ለምን አትቀቢም?» አለኝ።

«እኔ ድሮ ቅቤ ተቀብቻለሁ።»

አልተዋጠለትም። ቱቦውን ቀምቶኝ ግንባሬ ላይ ጨመቀው፣ በሁለት እጁ ፊቴን ሁሉ ለቀለቀው። ይህ ነገር ለሀበሻ ፊት አልተሠራም፤ ወፍጮ ቤት የዋልኩ መሰልኩ። አጠብኩት፣ አልለቅም አለ።

ማታ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ያገሬ ሴት ትክ ብላ አየችኝና «እህቴ፣ ጆሮሽ ላይ ሊጥ ነገር አለ» አለችኝ።

ጆሮዬን እንኳ አልረሳም። እሷም ሊጥ ካነሳች ዘንድ የጤፍ ዋጋ ጠየቅኳት፤ እስክወርድ ድረስ ስለ እሱ ስናወራ ሄድን።