«እሱንማ ሁሉም አይቶታል»፦ በሰርሻ ሮናን አድናቂዎች ጠባይ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

የተዋናይት አድናቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፊልሟን አይቶ የወደዳት ነው፤ ይህ ጤነኛ ስለሆነ ለጥናት አይመችም። ሁለተኛው ማንም ያላየውን ፊልሟን ፈልጎ ያየና ሌላው ባለማየቱ ደስ የሚለው ነው። «‹ሌዲ በርድ›ን ወድጄዋለሁ» ሲሉት ፊቱ ላይ የለቅሶ ቤት ትዕግሥት ይታያል። «ደህና ነው» ይላል፤ «እሱንማ ሁሉም አይቶታል።» ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ ያደርጋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ወንበሩ ሲንቋቋ ሒሳብ ይጠይቃሉ።

ለናሙና የተመረጠችው አየርላንዳዊቷ ሰርሻ ሮናን ናት። በ1994 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ከአየርላንዳውያን ወላጆች ተወልዳ አየርላንድ ያደገችው ሮናን፣ በ«አቶንመንት» ለኦስካር ስትታጭ ገና 13 ዓመቷ ነበር። በ«ብሩክሊን»፣ በ«ሌዲ በርድ» እና በ«ሊትል ዊመን» ደግማ 26 ዓመት ሳይሞላት አራት ጊዜ ታጨች። አራት ጊዜ ለኦስካር የታጨችን ሴት «የተዘነጋች» ብሎ መሟገት ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። አድናቂዎቿ ግን ያለ ደመወዝ ይሠሩታል።

የመጀመሪያው ፈተና ስሟ ነው። «ሰርሻ» የሚል አለ፣ «ሲርሻ» የሚል አለ፤ አየርላንድ ውስጥም ቢሆን አጠራሩ አንድ አይደለም። በዲሴምበር 2017 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቴሌቪዥን ትርዒት ስትመራ መክፈቻዋ ስለ ስሟ አጠራር የሚያስረዳ ዘፈን ነበር። ትርጉሙ በአይሪሽ ቋንቋ «ነጻነት» ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ መምህሩ ስም ሲጠራ ሦስት ልጆች ባንድ ላይ «አቤት!» ባሉ ነበር፣ ዘፈኑም ባላስፈለገ። ሁለተኛው ዓይነት አድናቂ ሌሎችን ሲያርም ይውላል፤ ራሱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሁለቱም መንገድ ይጠራታል።

ማዕረጋቸው ከአሮጌው ሹመት ብዙ አይርቅም። ኦስካር የታጩትን ብቻ ያየ ተራ ወታደር ነው። «ሀና»ን (2011) ያየ ባላምባራስ ይባላል። ከሩቅ ሰሜን እስር ቤት አምልጠው በእግር ስለሚሰደዱ ሰዎች የሚተርከውን፣ እሷም ወላጅ አልባዋን ኢሬናን ሆና የተጫወተችበትን «ዘ ዌይ ባክ» (2010) ያየ ፊታውራሪ ነው። «ባይዛንቲየም»ን ያየ ደጃዝማች፣ «ቫዮሌት ኤንድ ዴዚ»ን ያየ ደግሞ ራስ ይሆናል። ከራስ በላይ ያለውን ማዕረግ በኋላ እንመለስበታለን፤ ባለማዕረጉ ራሱ ሳያነሣው አያድርም።

እዚህ ላይ ሊቃውንቱን ለሁለት የከፈለው የዴዚ ጥያቄ ይነሣል። ሮናን ዴዚ የምትባል ልጅ ሆና የተጫወተችው ሁለት ጊዜ ነው። «ቫዮሌት ኤንድ ዴዚ» ውስጥ ለቀሚስ መግዣ ሲሉ ሰው ለመግደል ከሚቀጠሩ ሁለት ልጃገረዶች አንዷ ናት። «ሀው አይ ሊቭ ናው» ውስጥ ደግሞ እንግሊዝ ገጠር ዘመዶቿ ዘንድ ተልካ ጦርነት የሚደርስባት አሜሪካዊት ናት። የፊተኛው በ2011 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ቢታይም አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው በ2013 ነው፤ የኋለኛውም የወጣው በዚያው በ2013 ነው። ታዲያ ቀዳማዊት ዴዚ ማን ናት? ዳግማዊትስ? ነገሥታቱን ያለ ችግር የቆጠረ ሕዝብ እዚህ ላይ ተቸግሯል።

«ቫዮሌት ኤንድ ዴዚ» ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ልጆቹ የሚገድሉትን ሰውዬ ቤቱ ገብተው ሲጠብቁት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሰውዬው (በ«ዘ ሶፕራኖስ» የወንበዴ አለቃ ሆኖ የምናውቀው ጄምስ ጋንዶልፊኒ ነው) ይመጣና መሣሪያቸውን አያነሣም። ብርድ ልብስ ያለብሳቸዋል። ብስኩትም ያቀርብላቸዋል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በወጣበት በጁን 2013 ጋንዶልፊኒ አረፈ፤ ያ ብስኩት የእንግዳ አቀባበሉ የመጨረሻ ይመስል አድናቂዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከፊልሙ የቀረው ሰዓት ያን ያህል አይደለም። ይህን ግን ለራስ መንገር ክልክል ነው።

በትርጓሜ በኩል አድናቂው የሚከተለው የአንድምታን ሥርዓት ነው። «ባይዛንቲየም» (2012) ውስጥ ሮናን ሁለት መቶ ዓመት የኖረች ኤሊኖር የምትባል ደም መጣጭ ናት። ታሪኳን ወረቀት ላይ ትጽፍና ለነፋስ ትለቀዋለች። አንድ ሽማግሌ ገጾቹን ለቃቅሞ አንብቧል፤ ማን እንደሆነች ገብቶታል፤ መሞት ደግሞ ይፈልጋል። እሷም የምትገድለው እንደ እሱ ያሉ፣ ለመሄድ የተዘጋጁ አረጋውያንን ብቻ ነው። ዓይኗን አንሥታ ታየዋለች። አድናቂው ፊልሙን እዚህ ላይ ያቆመዋል። አንድም፦ አዘነች። አንድም፦ ራባት። አንድም፦ እያዘነች ራባት። አንድም፦ የሁለት መቶ ዓመት ድካም ነው። አንድም፦ ብርሃኑ ነው። ሐተታው ሲንዛዛ ሽማግሌው ከነፍሱ ጋር ያመሻል።

ለጥናቱ የማይመቸው ነገር ፊልሙ እውነትም ግሩም መሆኑ ነው። ክራንቻ የለም፤ የአውራ ጣት ጥፍር ነው ረዝሞ የሚሾለው። እናትየዋን ሆና የምትጫወተው ጀማ አርተርተን ስትጮህና ስትስቅ፣ ሮናን አጠገቧ የአሥራ ስድስት ዓመት ፊት ላይ የአሮጊት ዝምታ አኑራ ትቆማለች። ዳይሬክተሩ ኒል ጆርዳን «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር»ን ያወጣው በ1994 ነው፤ ተዋናይቱ በተወለደችበት ዓመት ማለት ነው። አድናቂው ይህን ሲነግርህ ራሱ ያዋለዳት ይመስላል። ያም ሆኖ ስለ ፊልሙ አልዋሸም።

የሚዋሸው ስለ «ዘ ሆስት» (2013) ሲያወራ ነው። እዚያ ውስጥ ሮናን በአንድ አካል ሁለት ነፍስ ተሸክማለች። አንደኛዋ ባፏ ትናገራለች፣ ሌላዋ የምትሰማው ከውስጥ ነው፤ ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። አድናቂው «ድርብ ትወና» ይለዋል። ያልተማረ ዓይን የሚያየው ግን ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ከባሏ ጋር የምትጣላ ሴት ነው። «ሲቲ ኦፍ ኤምበር» (2008) ደግሞ 55 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከ20 ሚሊዮን በታች አስገባ። ለነጋዴ ይህ ኪሳራ ነው፤ ለአድናቂው የጥራት ማረጋገጫ ነው። ፊልሙ ቢያተርፍ ኖሮ ማን ያነሣው ነበር?

ከዚህ ሁሉ የከፋው አደጋ ተመልካች መምጣቱ ነው። «ሀው አይ ሊቭ ናው» ውስጥ ከዘመድ ልጆቹ አንዱ ሆኖ የሚጫወተው ቶም ሆላንድ ነው። ልጁ ከ2016 ጀምሮ ሸረሪት ሰው ሆነ። የእሱ አድናቂዎች በበኩላቸው የቆዩ ሥራዎቹን ሲያሳድዱ እዚሁ ፊልም ላይ ደረሱ። የሮናን ወገን እንደ ርስት የያዘው መሬት በአንድ ጊዜ መጤ ሞላበት። «መጀመሪያ ያቀናነው እኛ ነን» ይላሉ፤ ምስክር ግን የላቸውም፤ ያኔ ማንም አላየውምና።

ከራስ በላይ ያለው ማዕረግ የራስ ቢትወደድ ሲሆን የሚሰጠው «አሪየቲ»ን ላየ ነው። የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ የሠራው የካርቱን ፊልም ነው፤ ከሰው ቤት ወለል በታች ስለምትኖር፣ ቁመቷ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነች ልጅ ይተርካል። በብሪታንያው የእንግሊዝኛ ቅጂ የልጅቷ ድምፅ የሮናን ነው፤ የታማሚው ልጅ ድምፅ ደግሞ የዚያው የቶም ሆላንድ ነው። አሜሪካኖቹ ሌላ ቅጂ አላቸው፤ እዚያ ውስጥ ሮናን የለችም። ፊልሙን አይቻለሁ የሚል አንባቢ ወንበሩን ከመሳቡ በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳየ ያጣራ።