ለጭስ የሚለበስ በርኖስ የለም

የጊሼው ራቤል ደጋ ነው። ማታ ውርጩ ሲወርድ በር ይቀረቀራል፣ ምድጃ ይነዳል፣ ቤተሰቡ ባንድ ክፍል ይሰበሰባል። በዚያ በተዘጋ ቤት አባወራው ሲጋራውን ሲለኩስ «ኧረ ውጭ!» የሚለው ሰው ጠፋ። እንግዲያው እኔ ልበለው። አባወራው ምክንያቱን አንድ በአንድ ያምጣ፤ መልሱንም አንድ በአንድ ይውሰድ።

«ደጁ አጥንት ይሰብራል» ይላል።

የጊሼ ሰው ሆነህ ብርድ ፈራሁ ትላለህ? በጉ ጸጉሩን የሰጠህ ለመቼ ነው? ለብርድ በርኖስ አለህ፤ ለጭስ የሚለበስ በርኖስ ግን የለም። አንተ ከብርድ ሸሽተህ ወደ ልጅህ ገባህ፤ እሷ ካንተ ጭስ ሸሽታ ወዴት ትግባ?

«መስኮት እከፍታለሁ» ይላል።

በውርጭ ሌሊት? ብትከፍትስ? የሚታየው ጭስ ይወጣል፤ የማይታየው ብናኝ ለሰዓታት አየሩ ላይ ይቆያል፤ ጋቢው ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ ልጅ የምታቅፍበት ደረትህ ላይ ይቀመጣል። የሲጋራ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉት፤ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ ናቸው። መስኮትህ የትኛውን ለይቶ ያስወጣልሃል?

«የማጨሰው እኔ፣ የሚቃጠለው የራሴ ሳንባ» ይላል።

የራስህ ብቻ ቢሆንማ ባዘንኩልህና ዝም ባልኩ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትሎ በ1981 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ፤ ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጨሱባቸው ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲጋራ የያዘው የባል እጅ ነው፤ የታመመው የሚስት ሳንባ። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ የአባቱ ጭስ ለሳንባ ምች፣ ለአስምና ለጆሮ ሕመም ያጋልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሳያጨሱ በሌላ ሰው ጭስ የሚሞቱት በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

«ምድጃውስ አይጨስም? ኩበት ጢስ ውስጥ አይደል ያደግነው?» ይላል።

ያደግነው ነን እንዲህ የምናወራው፤ ያላደጉት አያወሩም። የቤት ውስጥ ማገዶ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ያው ድርጅት ገምቷል፤ ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናትና ሕፃን ደግሞ ከሁሉ ይብስባቸዋል። የምድጃው አነሳቸውና የአንተን ልትደርብላቸው ነው? ምድጃው ባይነድ እንጀራው አይጋገርም። ሲጋራህ ባይነድ ማን ጦሙን ያድራል?

«ባገራችን አጫሹ ጥቂት ነው፤ ምን ያስጮኻል?» ይላል።

ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ 5ቱ ብቻ ትንባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ለጭስ የሚጋለጡት ግን ከመቶው 12.6 ነበሩ። አጫሹ ጥቂት፣ የሚጨስበት ብዙ! የሚያስጮኸኝም ይኸው ነው።

«ቤቴ ነው፤ ሕግ አይገባበትም» ይላል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር ራቅ ይላል። መጠጥ ቤት የተቀመጠውን የማታውቀውን ጠጪ ሕግ ከጭስህ ይጠብቀዋል፤ የገዛ ልጅህን ግን ላንተ ትቶልሃል። ሕጉ ደጃፍህ ላይ የቆመው አባት አለ ብሎ ነው። አለህ?

ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው ታናሽ ወንድም ደግሞ ቬፑን (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን) ያወጣና «የኔ ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው» ይላል።

እንፋሎት የውኃ ነው፤ ያንተ ውኃ አይደለም። በፕሮፒሊን ግላይኮልና በግሊሰሪን የተበጠበጠ ማጣፈጫ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ኒኮቲን አለበት። ሲሞቅ ደቃቅ ብናኝ ይረጫል፤ ፎርማልዲሃይድ የተባለ መርዝም ሊወጣው ይችላል። ከሲጋራ ያነሰ መርዝ አለው ብትል አልከራከርህም፤ ግን ለሕፃን ሳንባ የምንመኘው ያነሰ መርዝ ነው ወይስ አየር? ንግዱንም ያው አዋጅ ከልክሎታል። የፈሳሹን ብልቃጥ ደግሞ ልጅ ከማይደርስበት አርቅ፤ ጣፋጭ ሽታው ልጅ ይጠራል፣ ኒኮቲኑ ሲጠጣ ይመርዛል።

እመቤቲቱም «እንግዳው ሽማግሌ ናቸው፤ እንዴት ውጡ እላለሁ?» ትላለች።

ውጡ አትበይ፤ ቦታ አዘጋጂ። «ጋሼ፣ በርጩማውን ፀሐዩ ላይ አውጥቼልዎታለሁ፤ እዚያ ይሻልዎታል» በያቸው። በዚህ አክብሮት የሚቀየም ሽማግሌ የለም። እንግዳ ተቀባይነትሽ ለመጣው ብቻ ከሆነ፣ አንቀልባ ላይ ያለው የማን እንግዳ ነው?

በመጨረሻ አባወራው «ድሮ ማን ይከለክል ነበር?» ይላል።

ንጉሥ ይከለክል ነበር! ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ከንፈርህን የሚጠይቅህ የለም፤ የምንጠይቅህ እግርህን ነው። መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ኒኮቲን የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ አማክር፣ ሞክር፣ ቢያቅትህም ደግመህ ሞክር። ለመተው ጊዜ ያስፈልግህ ይሆናል፤ ለመውጣት ግን በርኖስ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ልበስና ውጣ፤ በሩን ከኋላህ ዝጋው።