በአውሮፓ የሚማር ኢትዮጵያዊ የቅዳሜና እሁድ ጉዞ በጀት፦ አሠራሩና አፈራረሱ

የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ማለት በውጭ አገር የሚማር ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንዳበቃ ተነሥቶ፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ዐይኑን እያሻሸ እስኪገኝ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን፣ ዓላማው አገር ማየት፣ ሰበቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ትኬት የሆነ እንቅስቃሴ ነው። የጉዞ በጀት ደግሞ ይህ እንቅስቃሴ ምን ያህል ገንዘብ እንደማይፈጅ አስቀድሞ በዝርዝር የሚያስረዳ ሰነድ ነው። ይህ ጥናት የሚመለከተው በጀርመን፣ በቤልጂየምና በአካባቢያቸው ባሉ አገሮች በነፃ ትምህርት ዕድል ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩትን ኢትዮጵያውያን ሲሆን፣ በራሳቸው ገንዘብ የሚማሩት ቅዳሜና እሁድን ሥራ ላይ ስለሚያሳልፉ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ናቸው።

ክስተቱን የወለዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1985 በሉክሰምበርጓ የሸንገን መንደር፣ በሞዜል ወንዝ ላይ በነበረች መርከብ ውስጥ የተፈረመው ስምምነት ሲሆን፣ ከዚያ ባደገው ሥርዓት መሠረት በአንዱ አባል አገር የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ ሌሎቹን አባል አገሮች ያለ ተጨማሪ ቪዛ ሊጎበኝ ይችላል። ሁለተኛው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረውና ከ2021 ወዲህ ለተማሪው በወር 1,400 ዩሮ የሚከፍለው ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለው የትምህርት ዕድል ነው፤ ይህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ሲወራ የባለሀብት ገቢ ቢመስልም፣ የቤት ኪራዩ፣ የስልኩና ለቤተሰብ የሚላከው ከተነሣለት በኋላ የሚቀረው በጀት ለመሥራት ይበቃል እንጂ በጀቱን ለማክበር አይበቃም። አየርላንድና እንግሊዝ ከሸንገን ውጪ ስለሆኑ፣ በ10 ዩሮ ደብሊን የሚያደርስ ትኬት ያገኘ ተማሪ ቪዛው ትዝ እስኪለው ድረስ የሚቆየው ደስታ በዚህ ጥናት እንደ ጉዞ አልተቆጠረም።

በጀት የሚጀምረው በማባዛት ነው። ማባዛት አዲስ መጤው ተማሪ ማንኛውንም የዩሮ ዋጋ ወደ ብር ለውጦ የሚደነግጥበት ስሌት ሲሆን፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ቡና ቤት ደጃፍ ላይ በተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ፊት ቆሞ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ኢትዮጵያዊ ጸሎት እያደረሰ ሳይሆን እያባዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ስላለፈና ዩሮም አብሮ ስለወጣ፣ ሁለት ዜሮ መጨመር ለግምት ይበቃ ስለነበር ስሌቱ ለጊዜው ቀሎ ነበር፤ ድንጋጤው ግን በዚያው ልክ አልቀለለም። ከማባዛት ቀጥሎ የሚመጣው ማወዳደር የሚባለው ደረጃ የባሰ አደገኛ ነው። በዚህ ደረጃ ተማሪው ያወጣውን ዋጋ ካላወጣው ዋጋ ጋር ያስተያያል፤ በባቡር 80 ዩሮ የሚያስከፍለውን መንገድ በአውቶቡስ በ30 ዩሮ ስለሄደ 50 ዩሮ አትርፌያለሁ ብሎ ይደመድማል፤ ያተረፈውንም 50 ዩሮ እዚያው ጉዞ ላይ ያወጣዋል።

የትኬቱ ርካሽነት ብዙ የተባለለት ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት አያስፈልግም። ትኬቱ ላይ ፓሪስ ተብሎ የተጻፈው አየር ማረፊያ በቦቬ ከተማ አጠገብ፣ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደሚገኝ፣ ፍራንክፈርት ሃን የሚባለውም ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚርቅ፣ ይህም አዳማን አልፎ ሜዳ ላይ ወርዶ አዲስ አበባ ገባሁ እንደማለት መሆኑን መጥቀስ ይበቃል። ይልቅ ትኩረት የሚገባው ስንቅ ነው። እንደ ዊዝ ኤር ያሉ አየር መንገዶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚፈቅዱት 40 በ30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ቦርሳ ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪው ልብሱን ደራርቦ ለብሶ ቦርሳውን ለዳቦ ቆሎ ያስለቅቃል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2006 ጀምሮ በአውሮፓ የተደነገገውና በብዙ አየር ማረፊያዎች አሁንም የሚሠራው ደንብ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ክልከላው ለተለወሰና ቅባት ለሆነ ነገርም ስለሚሠራ በርበሬ ያልፋል፣ ያው በርበሬ ተለውሶ አዋዜ ሲሆን ግን ይወረሳል፤ በሶ ያልፋል፣ የተበጠበጠ በሶ አያልፍም፤ የጭኮ ሕጋዊ ደረጃ እንደ ተረኛው ፈታሽ ይወሰናል።

ምድር ለምድር መሄድን የሚመርጡት ከጀርመን የባቡር ታሪክ ጋር ይተሳሰራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ2019 የቀረው የሳምንት መጨረሻ ትኬት በተጀመረበት ጊዜ አምስት ሰዎችን በ15 ማርክ ቅዳሜንም እሁድንም ያጓጉዝ ስለነበር፣ ቀደምት ተማሪዎች አሁን ድረስ ሲያነሡት ድምፃቸው ይለወጣል። የአሁኑ ተማሪ ያለው እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በወር 49 ዩሮ ተጀምሮ በጃንዋሪ 2025 58 ዩሮ የገባው የመላ ጀርመን ትኬት ሲሆን፣ ይህ የሚሠራው በፈጣኖቹ ሳይሆን በየጣቢያው በሚቆሙት የክልል ባቡሮች ብቻ ነው። ስለዚህ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው የፍራንክፈርትና የበርሊን መንገድ እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ በበጀቱ ውስጥ ዓምድ የለውምና ጭማሪው እንደ ወጪ አይመዘገብም።

ከሁሉም የበጀቱ መስመሮች ጠለቅ ብሎ መመርመር የሚገባው “ማደሪያ፦ 0 ዩሮ” የሚለው ነው። ዜሮው የሚያመለክተው በመድረሻው ከተማ የአክስት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ጎረቤት ወይም በስልክ ብቻ የሚታወቅ ያገር ሰው መኖሩን ሲሆን፣ በጥናቱ ግኝት መሠረት ከሆቴል የሚበልጥ ወጪ ያለው ማደሪያ ይህ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም። ስለዚህ ለእመቤቲቱ አንድ ነገር፣ ለልጆቹ ቸኮሌት ይገዛል፤ የልጆቹ ቁጥር ደግሞ በስልክ ከተነገረው ሁልጊዜ ይበልጣል፣ የጎረቤት ልጆች እንግዳ መምጣቱን ስለሚሰሙ። በሁለተኛ ደረጃ የጉዞው ዓላማ ይለወጣል። ወደ ኮሎኝ የሄደ ተማሪ 157 ሜትር ከፍታ ያለውን ካቴድራል የሚያየው፣ ካቴድራሉ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስለቆመ ሳያየው ማለፍ ስለማይቻል ነው እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሶፋ ላይ፣ ከአገር ቤት የሚተላለፍ ዝግጅት እያየ፣ “ምነው አልበላህም” እየተባለ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባችው እመቤት እንቅልፏን ትታ ዶሮ ወጥ እየሠራችለት ሙዚየም ልሂድ ማለት የሚችል ተማሪ እስካሁን አልታየም፤ ቢኖርም ወሬው ወላጆቹ ዘንድ ከእርሱ ቀድሞ ይደርሳል።

በሦስተኛ ደረጃ መመለስ አለ። ተማሪው ስልኩን አይቶ “ባቡሬ በ3 ሰዓት ነው” ሲል ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ውጭ ኖራ ሰዓት አቆጣጠሯን ያልለወጠችው እመቤት ግን የምሽቱን 3 ሰዓት ስለምትረዳ ቡናውን ተረጋግታ ትቆላለች። አቦል ተጠጥቶ ስሕተቱ ሲታወቅ ቶና ሳይጠጡ መነሣት ነውር ስለሆነ፣ በረካም ከቶና ስለሚከተል፣ ባቡሩ ያመልጣል። በቅናሽ የተገዛ ትኬት የሚያገለግለው ትኬቱ ላይ ለተጠቀሰው ባቡር ብቻ ስለሆነ ሌላ ትኬት በሙሉ ዋጋ ይገዛል። በር ላይ እመቤቲቱ “በሞቴ፣ ለመንገድህ” ብላ 20 ዩሮ ኪሱ ውስጥ ትከታለች። ይህን በገቢነት መመዝገብ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ዕዳ ሲሆን፣ የሚከፈለውም ከጥቂት ወራት በኋላ የእመቤቲቱ የወንድም ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የተማሪውን አንዲት ክፍል ሊያይ ሲመጣ ነው።

በቡድን የሚደረግ ጉዞ ተጨማሪ ችግር አለው። ወጪን ለአባላት እያካፈለ ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል እስከ ሳንቲም የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ አውሮፓውያኑ ተማሪዎች በዚህ ተጠቅመው 2 ዩሮ ከ70 ሳንቲም ያለ ምንም መሸማቀቅ ይጠያየቃሉ። ኢትዮጵያውያኑም መተግበሪያውን ይጭናሉ፣ የቡድኑንም ስም ሲያወጡ ብዙ ይከራከራሉ። ሒሳብ ሲመጣ ግን ሁሉም እኩል እጁን ወደ ኪሱ ይሰድዳል፣ ትግል ይነሣል፣ አሸናፊውም ይከፍላል፤ ከዚያ ይሉኝታ ስለሚይዘው አይመዘግብም፣ ያልከፈሉትም ስላልተመዘገበ ረስተውት አይረሱትም። በዚህ መልክ የጠፋው ገንዘብ ሰኞ ዕለት “ልዩ ልዩ” በሚለው መስመር ይሰበሰባል፤ ልዩ ልዩ ደግሞ በተለምዶ ከሌሎቹ መስመሮች ድምር ይበልጣል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ለሚቀጥለው ጉዞ መጠባበቂያ መያዝ ነው። መጠባበቂያ ያልታሰበ ነገር ቢያጋጥም እንዳይነካ ተብሎ የሚቀመጥ ከበጀቱ አሥር በመቶ ሲሆን፣ ዓርብ ማታ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ፣ ለልጆቹ ቸኮሌት ሲገዛበት ያልቃል።