ሽንኩርት የሌለበት ጾም

ቪሳካፓትናም፣ ሕንድ፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤

 

በልጅነትዎ ከሕንዳዊ መምህር ሒሳብ ስለ ተማሩ፣ ኋላም በአቃቂው የሕንድና የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሕንዶች ጋር ስለ ሠሩ፣ «ሕንድ ለእኛ ቤት ባዕድ አይደለችም» ብለው ሸኝተውኝ ነበር። እውነት ነው፤ እኔን ያስቸገረኝ የእኛን ፈጽሞ የማይመስለው ነገር ሳይሆን፣ ሊመስል ጥቂት የቀረው ነው። እዚህ የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ስለሚቈጠር፣ በየክፍሉ የሚጠራው እርስዎ ነዎት፤ እነሆ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዝግበዋል፤ ውጤትዎም አያሳፍርም።

ዋናው ጣጣ ግን የምግቡ ነው። ሥጋ በሌለበት የታሸገ ምግብ ሁሉ ላይ፣ ይህንኑ የሚያስታውቅ አረንጓዴ ነጥብ ስለሚታተም፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ «አገሩ ሁሉ ገዳም ነው» ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ዳሩ ግን የሕንዶቹ ሥርዓት ከሥጋና ከዕንቍላል እንጂ ከወተት የማይከለክል በመሆኑ፣ የማደሪያችን ወጥ ቤት አለቃ ንጹሕ የጾም ነው ብሎ ከማለልኝ በኋላ፣ ዓይኔ እያየ በምስሩ ላይ አንድ ማንኪያ የነጠረ ቅቤ አፈሰሰበት። ቅቤ እንደማልቀምስ በአፍም በእጅም ባስረዳሁት ጊዜ፣ ጥቂት አሰላሰለና፣ ቅቤን እንኳ የናቀ ሰው ጄይን ከሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች የበረታ ባሕታዊ ቢሆን ነው ብሎ በማመን፣ እነርሱ የማይበሉትን ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በገዛ ፈቃዱ አስቀረልኝ። ቍሌት የሌለበት ወጥ ምን እንደሚመስል ለእናቴ አይንገሯት፤ ታለቅሳለች።

እንዳልቃወም ደግሞ፣ ሰውየው ድስቴን ከሌላው ድስት ለይቶ፣ ሳሕኔን በሁለት እጁ አቅርቦ እጅ ይነሣኝ ነበር፤ ክብሩን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጠላሁትም።

ሃምሳ አምስቱ ቀን አልቆ በትንሣኤ ዕለት፣ ዶሮ ከሚታደልበት መስኮት ቆሜ አንድ እግር ይጨመርልኝ ብዬ ብለምን፣ አለቃው ጭልፋውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ፤ ወዲያው ረዳቶቹን ጠርቶ በጣቱ አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቱ ተመልሶልኛል፤ እጅ መንሣቱ ግን ቀርቷል።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ሽሮና በርበሬ ይላኩልኝ፤ ሽሮው ላይ ነጭ ሽንኩርት ይብዛበት።

ልጅዎ